ኒኮሲያና የእኛ ግቢ



ቆጵሮስ የሄድኩት በኡሙ ሐራም (ረ.ዐ) ምክንያት ነው። ታሪኳን ታውቂው ይሆናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤቷ አርፈው ሳለ ከኡመታቸው ባሕር ተሻግረው የሚዘምቱ ሰዎችን በሕልማቸው አይተው ሲነግሯት፣ ከእነሱ እንድትሆን ዱዓ ያድርጉልኝ ያለችው ሴት ናት። ከዓመታት በኋላ ባሕሩን ተሻገረች፤ ከተቀመጠችበት እንስሳ ላይ ወድቃም ሞተች። መቃብሯ ነው የሚባለው ቦታ ከላርናካ ወጣ ብሎ፣ ከጨው ሐይቁ ዳር ነው። ከስቶክሆልም ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ጋር ሄደን ዘየርን፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለት ቀን ሲተርፈን ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ኒኮሲያ ወጣን። ልጽፍልሽ የፈለግኩት ስለ እሷ ነው።

አሮጌዋ ኒኮሲያ በእግር የምትዳረስ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ክብ ግንብ ይከባታል። ቬኒሳውያን እ.ኤ.አ. በ1567 ዑስማኒያዎቹን በመፍራት የጀመሩት ነው፤ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ከተማዋ በእነዚያው እጅ ገባች። የሐረር ጁገል የተሠራውም በዚያው ዘመን ገደማ መሆኑ ትዝ አለኝ። የኒኮሲያው ግንብ ሦስት በሮችና ወደ ውጭ የወጡ 11 ምሽጎች አሉት። ዛሬ አምስቱ ምሽጎች በደቡብ ከግሪኮቹ ጋር፣ አምስቱ በሰሜን ከቱርኮቹ ጋር ናቸው። አንዱ መሐል ላይ፣ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች በሚጠብቁት ባዶ መሬት ውስጥ ቀርቷል።

መስመሩ የመጣው ከጠብ ነው። በ1963 መጨረሻ ግሪኮቹና ቱርኮቹ ሲጋደሉ አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል ካርታው ላይ በአረንጓዴ እርሳስ አሰመረ፤ ስሙም «አረንጓዴው መስመር» ሆኖ ቀረ። በ1974 የቱርክ ጦር ሲገባ ደግሞ ደሴቷ በሙሉ ለሁለት ተከፈለች።

ካርታ ላይ ስታዪው ይሄ ሁሉ ፖለቲካ ነው። በእግርሽ ስትሄጂ ግን ሌላ ነው። ጠባብ መንገድ ይዘሽ፣ ከላይ የእንጨት ሰገነቶች ወደ መንገዱ ወጣ ብለው፣ ድመት ደረጃ ላይ ተኝታ፣ ልብስ ተሰጥቶ… ከዚያ መንገዱ በድንገት ያልቃል። በርሜል፣ የአሸዋ ከረጢት፣ እሾሃማ ሽቦ። ከሽቦው ወዲያ ያው መንገድ ሲቀጥል ይታይሻል። ሰገነቶቹም ያው ናቸው።

እዚያ ላይ ቆሜ የታየኝ ደሴ ያለው የአባቴ ግቢ ነው። አባቴ (አላህ ይዘንለት) ሲሞት እኔና ታላቅ እህቴ ድርሻችን በሸሪዓ ተከፍሎ አልቆ ነበር። የተጣላነው የመንገዱ በር በማን በኩል ይሁን በሚለው ነው። አዎ፣ በበር። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም፤ በመጨረሻ ግቢው መሐል ላይ የብሎኬት አጥር ቆመ። አራት ዓመት አልተነጋገርንም። አንድ ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት እኔም እሷም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን።

በሌድራ ጎዳና በኩል ተሻገርን። ይህ መተላለፊያ የተከፈተው በ2008 ነው። ፓስፖርትሽን ለአንደኛው ፖሊስ ታሳያለሽ፣ ጥቂት እርምጃ ትሄጂያለሽ፣ ለሌላኛው ታሳያለሽ፤ ከዚያ ቡናው ያው ቡና ሆኖ ስሙ ብቻ ይቀየራል። በ1572 የተሠራው ቡዩክ ሃን የሚባለው የነጋዴዎች ማረፊያ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብለን ጠጣን። ከግቢው መሐል ትንሽዬ መስጂድ በዓምዶች ላይ ቆማለች፤ ከሥሯ ውዱእ ማድረጊያ አለ። ጊዜ ካለሽ እዚያ ቁጭ በዪ።

ከዚያ ወደ ሰሊሚዬ መስጂድ። ከሩቅ ሁለት ሚናራ ይታይሻል፤ ስትቀርቢ ግን በሩ ልክ እንደ ፈረንሳይ ካቴድራል ነው። ነውም። በ1200ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረ ቅድስት ሶፊያ የሚባል የካቶሊክ ካቴድራል ነበር፤ የቆጵሮስ ነገሥታት ዘውድ የጫኑበት። ዑስማኒያዎቹ በ1570 መስጂድ አደረጉት። ውስጡ በኖራ ነጭ ተቀብቷል። ሕንፃው ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው፤ መካ ግን ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ናት። ስለዚህ የሰፉ መስመር ከዓምዶቹ ጋር አይገጥምም፣ በሰያፍ ያልፋል። ዙሁርን አሳጥረን ስንሰግድ ሕንፃው በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላ በኩል ሆንን።

ልጄ ጫማዋን እያሰረች «ኡሚ፣ ይሄ ቤት የማን ነው?» አለችኝ።

«የአላህ ነው» ልላት አፌ ላይ ነበር። እውነት ነው፤ ግን እኔ ልጠቀምበት የነበረው ለማምለጫ ነው። ስለዚህ ያለውን ነገርኳት። ክርስቲያኖች ሠሩት፣ በጦርነት ተወሰደ፣ ከዚያ ወዲህ ከ450 ዓመት በላይ ሙስሊሞች ሲሰግዱበት ኖሩ። ከ1974 በኋላ ሰሜን ያሉ ቤተ ክርስቲያኖች ያለ ምእመን፣ ደቡብ ያሉ መስጂዶች ያለ ሰጋጅ እንደቀሩ፤ በ2003 መተላለፊያው መጀመሪያ ሲከፈት ሺዎች ተሰልፈው ጥለውት የሄዱትን ቤት ለማየት እንደተሻገሩ፤ ከ2008 ወዲህ ደግሞ የሁለቱ ወገን ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ የአንዱንም የሌላውንም የአምልኮ ቤት እንደሚያስጠግን። «ታዲያ የማን ነው?» አለች እንደገና። ልጆች እንዲህ ናቸው።

ማታ ስለ ከተማዋ ሳነብ ያገኘሁት ነገር ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ዝምታ ላይ ሳሉ፣ የሁለቱ ክፍል ከንቲባዎች፣ ለሎስ ዲሚትሪያዲስና ሙስጠፋ አኪንጂ፣ ተገናኝተው ተስማሙ። በምን መሰለሽ? በፍሳሽ! ከመሬት በታች ያለው ቱቦ መስመሩን አያውቀውም፤ አንዱ ብቻውን ሊሠራው አይችልም። ባንዲራም ድንበርም ሳያነሱ በሽንት ቤት ውሃ ጀመሩ። በኋላም ለመላዋ ከተማ የጋራ የልማት ፕላን አወጡ።

ሱብሐነላህ፣ የእኛም ግቢ እንደዚያው ነው። የውሃ ቆጣሪው በእህቴ በኩል ነው ያለው፤ ቱቦው በአጥሩ ሥር አልፎ አክስቴ ወደምትኖርበት ወደ እኔ ክፍል ይገባል። አራት ዓመት ሙሉ ሒሳቡን የምትከፍለው እህቴ ናት። አንድም ቀን ግማሹን ክፈሉ ብላ አላንኳኳችም። አክስቴ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ሰምቼ ዝም ያልኩት።

ሆቴሉ ውስጥ ሆኜ ጻፍኩላት፦ «እትዬ፣ የውሃው እስከ ዛሬ ስንት ደረሰ? ድርሻዬን ልላክ።» ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

በማግስቱ ደቡብ ባለው ኦመሪዬ መስጂድ ሰገድን፤ እሱም ድሮ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ስልኬን አሥር ጊዜ አየሁ። ስቶክሆልም ከገባን በኋላ ነው መልሷ የመጣው፦ «ቆጣሪው አምና ተቀይሯል። ሒሳቡን ተዪው። ልጅቷ ቁመቷ ደረሰብሽ?»

ሰሊሚዬ በር ላይ የተነሳችውን ፎቶ ላክሁላት። ስለ በሩ እስካሁን አልተነጋገርንም።