ዳኛው ቅርጫት ነው

ዘር ከልጓም ይስባል ይላል ያገር ሰው። የእሽቅድምድም ርግብ በማርባት ዕድሜያቸውን የጨረሱ የቤልጂየም ሽማግሌዎች ይህን ተረት ቢሰሙ በግማሹ ይስማማሉ። ዘር እንደሚስብ እነሱም ያውቃሉ፤ ሥራቸው ዘር መምረጥ ነውና። ጥያቄያቸው ግን ሌላ ነው፦ መሳቡ በምን ታወቀ? በወረቀት ወይስ በሰማይ?

ጥያቄው ተራ አይደለም። የሚሊዮኖች ዩሮ ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ኒው ኪም የተባለች የሁለት ዓመት ሴት ርግብ ቤልጂየም ውስጥ በኢንተርኔት ጨረታ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠች። የጨረታው መነሻ 200 ዩሮ ብቻ ነበር። የገዛት ስሙን ያልገለጸ ቻይናዊ ነው። ከእሷ በፊት ክብረ ወሰኑን የያዘው አርማንዶ የሚባል ወንድ ርግብ ሲሆን፣ በማርች 2019 በ1.25 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እሱም ለቻይና ገዢ ተሸጧል።

ዋጋው ያስደነግጣል። ከዋጋው ይበልጥ የሚገርመው ግን ገዢው በዚያ ሁሉ ገንዘብ የገዛው ነገር ነው። የእሽቅድምድም ርግብ የምትሮጠው ወደ አንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ ወዳደገችበት ቤት። ቻይና ተወስዳ ብትለቀቅ የምትፈልገው የቤልጂየምን መንደር ነው። ስለዚህ በውድ የተገዛች ርግብ ሁለተኛ አትለቀቅም። ቀሪ ዘመኗን በሽቦ ታጥራ እንቁላል ስትጥል ትኖራለች። አርቢዎቹ እንዲህ ያለችውን ርግብ “እስረኛ” ይሏታል። እንግዲህ በ1.6 ሚሊዮን ዩሮ የተገዛው ክንፍ አይደለም፤ ገና ያልተፈለፈለ ጫጩት ነው። የወደፊቱ ልጆቿ ስም ነው። ወረቀት ነው።

ሽማግሌውን የሚያንገበግባቸው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ “ሽማግሌው” የተባሉት አንድ የታወቀ ሰው አይደሉም። በፍላንደርስ መንደሮች ሃምሳና ስልሳ ዓመት ርግብ ያረቡ፣ አነጋገራቸውም ቁጣቸውም የሚመሳሰል ሰዎች አሉ። አንዱ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ፣ ሌላው ፖስተኛ፣ ሌላው ገበሬ። ስፖርቱ የሠራተኛው መደብ ስፖርት ነበር፤ የድሃ ሰው የእሽቅድምድም ፈረስ እየተባለ ይጠራ ነበር። ፈረስ ለመግዛት ባለጸጋ መሆን ያስፈልጋል። ርግብ ለማርባት ግን ከጣሪያ ሥር ትንሽ ቦታ፣ ጥቂት በቆሎና አተር፣ ብዙ ትዕግሥት ይበቃ ነበር።

ውድድሩ እንዲህ ነው። ርግቦቹ ከየቤቱ ተሰብስበው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባሉ። እግራቸው ላይ ገና ጫጩት ሳሉ የገባ፣ ካደጉ በኋላ የማይወልቅ ቀለበት አለ። የተወለዱበት ዓመትና ቁጥራቸው እዚያ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በቅርጫት ሆነው በትልቅ መኪና ወደ ፈረንሳይ ይጓዛሉ። ጠዋት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ። መነሻቸው አንድ ነው፤ መድረሻቸው ግን የየራሳቸው ቤት ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቤት ርቀት አስቀድሞ ይለካል፤ ርቀቱ ለፈጀው ጊዜ ይካፈልና በደቂቃ ስንት ሜትር እንደበረረች ይሰላል። አንደኛ የምትወጣው ቀድማ የገባችው ሳትሆን ፈጥና የበረረችው ናት። ዱሮ ጎማ ቀለበት ከእግሯ ተፈትቶ በታሸገ ሰዓት ውስጥ ይከተት ነበር፤ ዛሬ ቺፕ ይመዘግበዋል። ትልቁ የክብር ውድድር ከባርሴሎና የሚለቀቀው ነው። ከዚያ እስከ ቤልጂየም ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ብዙዎቹ ርግቦች መንገድ ላይ ሳያድሩ አይደርሱም።

ሽማግሌው ሁሉን የሚመዝኑበት አባባል ከዚህ ይመነጫል፦ ዳኛው ቅርጫት ነው። ርግብ መልካም መሆን አለመሆኗ የሚታወቀው በቅርጫት ገብታ፣ ሩቅ አገር ተለቃ፣ ተመልሳ ስትመጣ ነው። ከዚያ በፊት የሚባለው ሁሉ ወሬ ነው።

ወሬው ደግሞ ብዙ ነው። የርግብን ዓይን በማጉያ መነጽር እያየ በቀለሟና በክቦቿ አሸናፊ እመርጣለሁ የሚል አለ። ክንፏን ዘርግቶ ላባ የሚቆጥር አለ። በእጁ ይዞ ሚዛኗን አውቃለሁ የሚል አለ። ሽማግሌው እነዚህን ሁሉ ሞክረዋል፤ በወጣትነታቸው መነጽርም ገዝተዋል። መደምደሚያቸው አጭር ነው፦ ዓይን አይቶ አሸናፊ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ በየሳምንቱ አንደኛ የሚወጣው እሱ ብቻ በሆነ ነበር።

ስለ ዘር ሐረግ ወረቀትም ሐሳባቸው ያው ነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። የርግብ ጨረታ ወረቀት ብዙ ጊዜ የበቅሎዋን መልስ ይመስላል፤ የቅድመ አያቷ ወንድም ባርሴሎናን ያሸነፈ፣ የአክስቷ ልጅ በብሔራዊ ውድድር ሦስተኛ የወጣ። እሷ ራሷስ? እሷ ገና አልበረረችም። ከአንድ አባትና እናት፣ ከአንድ ጎጆ የተፈለፈሉ ሁለት ጫጩቶች አንዱ አሸናፊ ሲሆን ሌላው የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ጠፍቶ ሲቀር ያላየ አርቢ የለም። ዘር ዕድል ይሰጣል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ርግብ ዋጋ ያገኘችው በሥራዋ እንደነበር ታሪክም ይመሰክራል። በ1850 ፖል ጁሊየስ ሮይተር የብራስልስንና የአኸንን የቴሌግራፍ መስመር ክፍተት የሞላው በርግብ ነው። ባቡር ስድስት ሰዓት የሚፈጅበትን መንገድ ርግቦቹ በሁለት ሰዓት ያህል ጨርሰው የገበያ ዜና ያደርሱ ነበር። ዛሬ በስሙ የሚጠራው የዜና ወኪል ሲጀመር በክንፍ ነበር። ያኔ የርግቧን አያት የጠየቀ የለም፤ የተጠየቀው ደረሰች ወይ ነው።

ሁለተኛው የሽማግሌው ሐሳብ ስለ ትሕትና ነው። ርግብ ለጌታዋ አትበርም ይላሉ። ለዋንጫም አትበርም። አርቢዎች ይህን ስለሚያውቁ ወንዱንና ሴቷን ሳምንቱን ሙሉ ለያይተው ያቆያሉ፤ ወደ ቅርጫት ከመግባቱ በፊት ወንዱ ጓደኛውን ለጥቂት ደቂቃ ያያታል። ከዚያ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ሲለቀቅ የሚመጣው ወደ እሷና ወደ ጎጆው ነው። መንገዱን እንዴት እንደሚያገኝ ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ፀሐይን እንደ ኮምፓስ ይጠቀማል፤ የምድርን መግነጢስ ይለያል የሚሉ አሉ፤ በነፋስ የሚመጣ ሽታ ይመራዋል የሚሉም አሉ። እሱ ላይ በታሰረ መሣሪያ የተደረገ ጥናት ደግሞ የለመደው አካባቢ ሲደርስ አውራ ጎዳና ተከትሎ እንደሚበር፣ መታጠፊያም ላይ አብሮ እንደሚታጠፍ አሳይቷል። ባለቤቱ የሚያደርገው እህል መስጠት፣ ቤቱን መጥረግና መጠበቅ ነው። ሲያሸንፍ ግን ደረቱን የሚነፋው ባለቤቱ ነው።

ሦስተኛው ስለ መርፌ ነው። በ2013 ከቤልጂየም ርግቦች የተወሰደ ናሙና ደቡብ አፍሪካ ተልኮ ሲመረመር በስድስቱ ላይ የተከለከለ ነገር ተገኘ፤ በአንዷ ኮኬይን፣ በሌሎቹ የሕመም ማስታገሻ። ሽማግሌውን ይህ አላስደነቃቸውም። እሳቸው የሚፈሩት ከኮኬይኑ ይልቅ ሕጋዊውን መድኃኒት ነው። ያለ ሕመም በየሳምንቱ አንቲባዮቲክ የምትጠጣ ርግብ ደካማ መሆኗ አይታወቅም፤ ታሸንፋለች፤ ትራባለች፤ ድካሟን ለልጆቿ ታወርሳለች። መድኃኒቱ ርግቧን አላዳነም፤ ዳኛውን አሳወረው እንጂ።

ዳኛውን ለማሳወር ከዚህም የባሰ ተሞክሯል። በ2017 ቻይና ውስጥ ከሻንግቺው ከተማ እስከ ሻንጋይ 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ውድድር ነበር። ሁለት ሰዎች ርግቦቻቸውን ሁለቱንም ከተሞች ቤታችን ብለው እንዲያስቡ አድርገው አሳደጓቸው። በውድድሩ ቀን ርግቦቹ ሲለቀቁ እዚያው ሻንግቺው ወዳለው ቤታቸው ገቡ። ባለቤቶቹ በወተት ካርቶን ደብቀው በፈጣን ባቡር ሻንጋይ አደረሷቸው፤ እዚያ ሲለቋቸው ወደ ሁለተኛው ቤታቸው በረው ገቡ። ርግብ ስምንት ሰዓት የሚፈጅባትን መንገድ ባቡሩ በሦስት ሰዓት ገደማ ጨርሶታል። ተንኮሉን ያጋለጠውም ይኸው ፍጥነት ነው። ሰዎቹ ሽልማቱን ሳይወስዱ ማስረጃ ለማጥፋት ርግቦቹን ገደሉ። በ2018 ፍርድ ቤት በገደብ እስራት ቀጣቸው።

እስከዚህ ድረስ የሽማግሌው ነገር ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። ወረቀቱን፣ መነጽሩን፣ መርፌውን፣ ባቡሩን የሚቃወሙት በአንድ ምክንያት ነው፦ ሁሉም ሳይበሩ የማሸነፊያ መንገዶች ናቸው። ግን ይህ ቀጥ ያለ ሐሳብ አንድ ጥያቄ ሲቀርብለት ይሰበራል።

ዘግይታ የምትመጣዋ ርግብ ምን ትሆናለች?

አርቢ በየዓመቱ ብዙ ጫጩት ያስፈለፍላል። ቤቱ ግን አይሰፋም፤ እህሉም በዋጋ ነው። መኸር ሲመጣ ቦታ መለቀቅ አለበት። በዚህ ስፖርት ብዙዎች በይፋ የማይናገሩት፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ነገር አለ፤ ውጤት ያላመጣች ርግብ አንገቷ ይጠመዘዛል። ዳኛው ቅርጫት ነው ማለት እስከዚህ ይደርሳል። የእንስሳት መብት ተከራካሪዎች ስፖርቱን የሚከሱት በዚህ ነው፤ ክሳቸውም እውነት አለው።

በዚያ ላይ ቅርጫቱ ሁልጊዜ የሚፈርደው በችሎታ አይደለም። በ1997 የእንግሊዝ ርግብ አርቢዎች ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር 60 ሺህ ያህል ርግቦች ከፈረንሳይዋ ናንት ተለቀቁ። እጅግ ብዙዎቹ ጠፍተው ቀሩ። ኋላ ላይ የኮንኮርድ አውሮፕላን የድምፅ ነጎድጓድ አቅጣጫ አሳታቸው የሚል መላምት ቀርቧል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ያን ቀን የጠፉት ሁሉ መጥፎ ርግቦች አልነበሩም። ማዕበል፣ ጭልፊት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም እንዲሁ ዘር አይጠይቁም፤ ብቃትም አይጠይቁም።

ስለዚህ ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሽልማት ለማን ይሰጥ ለሚለው ጥያቄ ከቅርጫቱ የተሻለ ዳኛ አልተገኘም። የማን ልጅ እንደሆንሽ አይጠይቅም፤ ደረስሽ ወይ ብቻ ይላል። የሀብታሙንም የፖስተኛውንም ርግብ በአንድ ሜትር ይለካል። ማን ይኑር ለሚለው ጥያቄ ግን ቅርጫቱ ዳኛ አይደለም፤ ያ ሥልጣን አልተሰጠውም። ፈተና ያለፈውን ይለያል እንጂ የወደቀውን ሕይወት ዋጋ አይተምንም። ሁለቱን ያምታታ ሁሉ፣ ርግብ ያርባ ሰው ያስተዳድር፣ አንድም በወረቀት የሚሾም አንድም በውጤት ስም የሚጨክን ይሆናል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱንም ይሆናል፤ ለራሱ ወገን ወረቀት፣ ለሌላው ቅርጫት።

የሽማግሌው ትውልድ እያለቀ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤልጂየም ውስጥ ርግብ አርቢው በመቶ ሺዎች ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ ግን ቁጥሩ እጅግ ቀንሷል። ልጆች የአባታቸውን ርግቦች ሲወርሱ ብዙ ጊዜ ወደ ጨረታ ይወስዷቸዋል። ቅርጫቱ እየሳሳ፣ ወረቀቱ እየወፈረ ሄዷል።

ከእነዚህ ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ግን ደንባቸው ያላዘዛቸውን ነገር ያደርጋሉ። ውድድሩ ካለቀ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ፣ ጭልፊት የቧጨራት ወይም ሽቦ የቆረጣት ርግብ እየተንገታገተች ቤቷ ደጃፍ ትደርሳለች። በሰዓቱ መዝገብ ዋጋዋ ዜሮ ነው። በጨረታ የሚገዛት የለም። በቅርጫቱ ሕግ ከተፈረደባት ቆይቷል። እንዲህ ያለችውን ርግብ ግን ብዙ ሽማግሌዎች አይነኳትም። ውኃ ይሰጧታል፤ ቁስሏን ይጠርጋሉ፤ እስክትሞት በዚያው ቤት ትኖራለች። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ስለ ፍጥነት አያወሩም። መጥታለች ነው የሚሉት።