የዋንዛ ሣጥን

በ2016 ዓ.ም. የጥር ወር፣ ኮተቤ ከአውራ መንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ፣ ለማንም ደንበኛ የማይሸጥ ሣጥን ተሠራ። ርዝመቱ 40፣ ስፋቱ 26፣ ከፍታው 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ክዳኑ ላይ ስድስት ክብ ቀዳዳዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ በስተግራ ደግሞ አንዲት ቀዳዳ ብቻዋን ቆማለች። በደጅ ያለፈ አንድ ጎረቤት ቆም ብሎ "ለየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው?" ሲል ጠየቀ። ሙዳየ ምጽዋት መስሎት ነው።

ለሣጥኑ መሠራት ምክንያት የሆነው አንድ አውራ ጣት ነበር። የሥራ ቤቱ ባለቤት የግራ እጁ አውራ ጣት በ2013 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ መጋዝ ከሥሩ ተቆርጧል። በአራተኛው ወር ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ምስማሩን በሌባ ጣቱና በመሐል ጣቱ መካከል መያዝ ለመደ፤ ደንበኞቹም አልሸሹትም። ያልተመለሰለት የቅዳሜ ማታ ጨዋታ ነው። ከሴት ልጁ ጋር ቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው "ስትሪት ፋይተር 2"ን ይጫወቱ ነበር። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ የድብድብ ጨዋታ፣ አባትየው በጎረምሳነቱ በሰፈሩ ጌም ቤት የዳቦ ሳንቲሙን የጨረሰበት ነው።

በየቤቱ ያለው የእጅ መቆጣጠሪያ አቅጣጫን በሙሉ ለግራ አውራ ጣት የሰጠ ዕቃ ነው። ሌሎቹ ጣቶች ደጋፊዎች ናቸው። አባትየው መቆጣጠሪያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሌባ ጣቱ ሞከረ፤ ሆኖም ጣቱ አንድ አቅጣጫ ሲያገኝ ሌላው ያመልጠዋል። ልጅቱ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ ሲዘገይ አይታ እርሷም መዘግየት ጀመረች። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ አሸነፈ። በአራተኛው ቅዳሜ መቆጣጠሪያውን አስቀመጠና "የልጅ ነገር ነው" ብሎ ተነሣ። በልጁ መሸነፍን የሚወድ አባት ብዙ ነው፤ ልጁ አዝናለት የለቀቀችለትን ድል መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው።

ታናሽ ወንድሙ ናይሮቢ የሚኖር የኮምፒዩተር ጥገና ባለሙያ ነው። ወሬውን የሰማው ከወንድሙ ሚስት ነበር፤ ከወንድሙ አፍ እንዲህ ያለ ነገር አይወጣምና። ከዚያ በፊት አስመጥቶ የላከለት የላስቲክ አውራ ጣት መሳቢያ ውስጥ እንደ ተጠቀለለ መቅረቱንም ያውቃል።

ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ ግን አንድ ቀላል እውነት ትዝ አለው፦ እነዚህ ጨዋታዎች ሲወለዱ ለአውራ ጣት አልተወለዱም። በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የ"ፓክ ማን" ማሽን ሰው ቆሞ የሚጫወትበት፣ ቁመቱ የቁም ሣጥን የሚያህል ነበር፤ ተጫዋቹን የሚያንቀሳቅሰውም አንድ ዘንግ ብቻ ነው፤ በሙሉ እጅ ተይዞ በክንድ የሚገፋ። "ስትሪት ፋይተር 2"ም ቢሆን መጀመሪያ የወጣው አንድ ዘንግና ስድስት አዝራሮች ባሉት እንዲህ ባለ ማሽን ነው። አውራ ጣት ሥልጣን የያዘው ጨዋታው እየጠበበ ኪስ ውስጥ ሲገባ ነው፤ የኒንቴንዶው ጉንፔ ዮኮይ በ1982 እ.ኤ.አ. "ዶንኪ ኮንግ" ለተባለው የእጅ ጨዋታ የመስቀል ቅርጽ ያለውን አዝራር ሲሠራ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ትውልድ ሌላ መንገድ የነበረ አይመስለውም።

ተሠርቶ ያለቀ ባለዘንግ መቆጣጠሪያ ከገበያ መግዛት ይቻላል። ታናሽየው ግን ያን ቢያመጣ መሳቢያው ውስጥ ከላስቲኩ ጣት ጎን እንደሚያርፍ አልጠፋውም። ስለዚህ የውስጡን ዕቃ ብቻ ይዞ መጣ፦ ሳንዋ የተባለ የጃፓን ፋብሪካ የሚሠራው አንድ ዘንግ፣ ስድስት ባለ 30 ሚሊ ሜትርና ሁለት ባለ 24 ሚሊ ሜትር አዝራሮች፣ ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የተባለች ጣት የምታህል ቦርድ፣ ከናይሮቢ ሉቱሊ ጎዳና የተገዛ ሽቦና ስታኞ። የጥምቀት ማግስት ሁሉንም የሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈና፣

"ጋሼ፣ ሣጥን ሥራልኝ" አለ።

"ለምን?"

"ለዚህ።"

ታላቅየው ዘንጉን አንሥቶ ግራና ቀኝ አጋደለው። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። "ማርሽ ነው" አለ። ጋዜጦቻችን "ጆይስቲክ" እያሉ እንዳለ ያሳለፉትን፣ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጁት ደግሞ በሦስት ቃላት ሊተረጉሙት የሚደክሙበትን ዕቃ አንድ አናጢ በአንድ ቃል ጨረሰው፤ በዚያ ቤት እስከ ዛሬ ስሙ ማርሽ ነው።

ለክዳኑ ዋንዛ መረጠ፤ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት አስቀርቶ አለሰለሰው። ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ አወጣ። ሥራው ያማረ ነበር፤ ችግሩ አዝራሮቹ አለመያዛቸው ነው። የዚህ ዓይነቱ አዝራር ከጎንና ከጎኑ ባሉት የላስቲክ ጥርሶች ቀጭን ብረት ላይ እንዲነክስ የተሠራ እንጂ ወፍራም እንጨት የሚይዝበት ብልሃት የለውም። ማርሹም ከሥር ሲታሰር በእንጨቱ ውፍረት ተውጦ ኳሱ ብቻ ብቅ አለ። ታናሽየው "ታዲያ ላዩን በላሜራ እንሸፍነው" ቢል፣ ታላቅየው ዋንዛን ቆርቆሮ ማልበስ አይታሰብም አለ። ግማሽ ቀን ተኮራረፉ። በመጨረሻ ታላቅየው ራሱ መላውን አገኘ፦ አዝራሮቹ በሚያርፉበት ቦታ ብቻ የላሜራውን ውፍረት ያህል እንጨቱን ዝቅ አድርጎ ቀረፈና ላሜራውን እንደ መስታወት በፍሬሙ ውስጥ አስቀመጠው። ጥርሶቹ እንዲከፈቱ ከላሜራው ሥር ያሉትን የእንጨት ቀዳዳዎች አሰፋ። ለማርሹም ከበስተሥር ጎድጓዳ ቦታ ለመፈልፈል መሮ አነሣ።

ታናሽየው ወንድሙ ከአደጋው በኋላ መሮ ሲይዝ ያየው ያን ቀን ነው። መዶሻው በቀኝ፣ መሮው በግራ። የመሮውን እጀታ በመሐል ጣቱና በቀለበት ጣቱ መካከል አሳልፎ ከመዳፉ ጋር አጣብቆታል፤ መሮው ንቅንቅ አይልም። ከናይሮቢ ሲነሣ ለወንድሙ ሊያስተምረው ያጠናው አንድ አያያዝ ነበረ፤ የወይን ብርጭቆን እግር በጣቶቹ መካከል አሳልፎ ከሥር እንደሚይዝ ሰው፣ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ የማርሹን ዘንግ በሁለት ጣቶች መካከል መያዝ። ብዙ የጃፓን ተጫዋቾች የሚይዙት እንዲሁ ነው፤ አውራ ጣት እዚያ ላይ ሥራ የለውም። ታናሽየው ስለዚህ አንድም ቃል ሳይናገር ስታኞውን ማሞቅ ጀመረ።

የሽቦው ሥራ ከእንጨቱ ይቀላል። በየአዝራሩ ሥር ሁለት እግሮች አሉ፤ አንደኛው በጋራ ሽቦ ተያይዞ ወደ ቦርዱ ግራውንድ ይሄዳል፣ ሌላው ለየብቻው ወደ ቦርዱ ይገባል። ቦርዱ መስመሩን በ3.3 ቮልት ይይዘዋል፤ አዝራሩ ሲጫን መስመሩ ከግራውንድ ጋር ይገናኝና ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ መጫኑ የሚታወቀው በዚሁ ነው። በማርሹ ሥርም አራት ትንንሽ ማብሪያዎች አሉ፤ ዘንጉ ወደ ማዕዘን ሲያጋድል ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይጫናል፣ ሞላው መልሶ ወደ መሐል ያመጣዋል።

"ይዘገያል?" ሲል ታላቅየው ጠየቀ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ጨዋታው በሰከንድ 60 ሥዕል ያሳያል፤ ለአንዱ ሥዕል 16.7 ሚሊ ሰከንድ ይደርሰዋል። ቦርዱ ላይ የተጫነው፣ ጂፒ 2040 ሲኢ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች መልስ ይሰጣል። "አይዘገይም ጋሼ፤ የዘገየ እንደ ሆነ የዘገየው ሰውዬው ነው" አለው። ሊያጽናናው አልፈለገም።

ማታ ሣጥኑ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያያዘ፤ ካፕኮም በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው የድሮ ጨዋታዎች ስብስብ ተከፈተ። ታላቅየው ማርሹን ወደ ቀኝ ሲገፋ ተጋዳዩ ወደ ግራ ሄደ።

"አባዬ፣ ሰውዬህ እየሸሸ ነው!" አለች ልጅቱ በሳቅ እየተንከተከተች።

ዘንጉ እንደ ሚዛን መሐሉ ላይ ስለሚዞር ላዩ ወደ ቀኝ ሲገፋ ሥሩ ወደ ግራ ይሄዳል፤ የሚጫነውም የግራውን ማብሪያ ነው። ታናሽየው ይህን አስቦ አስተካክሎ ነበር፤ የዘነጋው ሲበይድ ሣጥኑ ተገልብጦ ጭኑ ላይ እንደ ነበረ ነው። ሁለት ሽቦዎች ተቀያየሩና ነገሩ ተቃና።

ታላቅየው ማርሹን በሁለቱ ጣቶቹ መካከል አስገባ። ወደ ታች፣ ወደ ማዕዘን፣ ወደ ፊት፤ ከዚያ አዝራር። ሰማያዊው የእሳት ኳስ ከተጋዳዩ መዳፍ ወጣ። አንድ ጊዜ ብቻ "እህ" አለ። የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፈ። ታናሽየው ማያውን ትቶ ልጅቱን ይመለከት ነበር፤ እንደ ዱሮው ትለቅለት እንደ ሆነ ለማየት። በሁለተኛው ዙር መሐል ልጅቱ ከተደገፈችበት ተነሥታ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ ወደ ፊት አጎነበሰች። ሁለተኛውንም ተሸነፈ።

"ድገሚ" አላት።

ሲተኙ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ልጅቱ አራት፣ አባትየው አንድ።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቱ ከትምህርት ቤት በፊት ወደ ሥራ ቤቱ ጎራ አለች። አባቷ በማርሽ እርሷ በአሮጌው መቆጣጠሪያ መሆናቸው ልክ እንዳልሆነ፣ ያችን አንዲት ጨዋታም ያሸነፋት በዚህ ምክንያት እንደ ሆነ አስረዳች። ለእርሷም ይሠራላት። ታላቅየው ግድግዳው ላይ ወደ ተደገፈው የዋንዛ ሳንቃ ተመለከተ። ቀብድ የተቀበለበት የሰው ቁም ሣጥን በር የሚወጣው ከዚያ ሳንቃ ነው። ሜትሩን አወጣና ለካው።