ቃል ቦታውን ሲቀይር

ስፓኒሽ መማር የጀመርኩት ለሥራም ለሽርሽርም ብዬ አይደለም። የሟች እህቴ ልጅ በሕፃንነቱ በጉዲፈቻ ወደ ስፔን ሄዶ ያደገው ቫሌንሲያ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ስትከለክል እሱ ከሄደ ቆይቶ ነበር። ዛሬ 15 ዓመቱ ነው፤ አማርኛ አይችልም። አሳዳጊዎቹ አፈላልገው ካገኙን ወዲህ ግን ለእናቴ በየሳምንቱ መልእክት ይጽፍላታል።

ለጀማሪ አማርኛ የሚያግዝበት ቦታ ብዙ ነው። እኛ «እናገራለሁ» ስንል «እኔ» ማለት እንደማያስፈልገን ሁሉ፣ እነሱም «አብሎ» ብለው ይጨርሳሉ፤ ተናጋሪው ግሱ ውስጥ አለ። «ራሴን ያመኛል» በእነሱም «ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ» ነው። ብርጭቆ ከእጃችን ሲያመልጥ «ተሰበረብኝ» እንደምንለው፣ እነሱም «ሴ ሜ ሮምፒዮ» ይላሉ።

የሚያስቸግረው የቅጽል ቦታ ነው። እኛ «ቀይ ቤት» የምንለውን እነሱ «ካሳ ሮሃ» ይሉታል፤ ቤቱ ይቀድማል፣ ቀለሙ ይከተላል። አንዳንድ ቅጽሎች ደግሞ ከስሙ በፊት ሲሆኑ ሌላ፣ ከስሙ በኋላ ሲሆኑ ሌላ ትርጉም አላቸው።

ባለፈው ክረምት እናቴን ጉልበቷን እንዳመማት ስንጽፍለት ልጁ «ሚ ፖብሬ አቡዌላ» ብሎ መለሰ። ወንድሜ በስልኩ መተርጎሚያ አስገብቶ «ድሃዋ አያቴ» ብሎ አነበበው። እናቴ ዝም አለች። ልጁን የሰጠነው ከማጣት የተነሳ ነበርና ቃሉ የት እንደነካት ሁላችንም ገብቶናል።

«እማዬ፣ ‹ፖብሬ› ከስሙ ሲቀድም ምስኪን ማለት ነው። ገንዘብ የሌላት ለማለት ቢፈልግ ‹አቡዌላ ፖብሬ› ይል ነበር» አልኳት።

«እንዲያ ከሆነማ ‹እኔን!› ማለቱ ነዋ» አለችና ፊቷ ፈካ። ወዲያው «ናፍቀኸኛል በይልኝ» አለችኝ።

እዚህ ላይ አማርኛን ተከትሎ መጻፍ አይቻልም። በአማርኛ የግሱ ባለቤት የተናፈቀው ነው፤ «ናፍቀኸኛል» ስትል ባለቤቱ «አንተ» ነው። በስፓኒሽ ግን ባለቤቱ የሚናፍቀው ሰው ነው፤ «ቴ ኤቾ ዴ ሜኖስ»። የአማርኛውን አካሄድ ተከትዬ «ሜ ኤቻስ ዴ ሜኖስ» ብል፣ እናቴ «አንተ እኔን ትናፍቃለህ» እንዳለችው ይሆን ነበር። ስለዚህ ቋንቋ የምትጀምሩ ወላጆችም ሆናችሁ ልጆች፣ ቃል ለብቻው አትሸምድዱ፤ ከነዓረፍተ ነገሩ ያዙት።

የልጁ መልስ አራት አጫጭር ቃላት ነበሩ፦ «ኢ ዮ አ ቲ»። «አ» እዚህ ላይ የእኛን «ን» ሥራ ትሠራለች። ይህን ለእናቴ ለመተርጎም ምንም ማገላበጥ አላስፈለገኝም፤ እንዳለ «እኔም አንቺን» አልኳት።