«ሻል» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ

የእንግሊዝኛን ቋንቋ መማር የጀመረ ሰው ሁሉ ገና ከመጀመሪያዎቹ ወራት አንሥቶ ከሚገናኛቸው ቃላት አንዱ «ሻል» የሚባለው ረዳት ግስ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ቃል በሰሙ ቁጥር ፈገግ ይላሉ፤ በእኛ አገር በሽተኛው «ሻል አለው» ሲባል ለምደዋልና። ቃሉ ግን እንደ መልኩ ቀላል አይደለም። አንድ ጊዜ ትንቢት፣ አንድ ጊዜ ትእዛዝ፣ አንድ ጊዜ ቃል ኪዳን፣ አንድ ጊዜም ተራ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። እኛም በማስተማርና ደብዳቤና ውል በመተርጐም ሥራ ላይ ብዙ ዘመን ስለ ቆየን፣ ስለዚህ ቃል ያስተዋልነውን ለአንባብያን ልናካፍል ወደድን።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ይህ ግስ «ዕዳ አለብኝ» ማለት ነበር። ከእርሱ ጋር ከአንድ ሥር የበቀለው የጀርመኖች «ሹልት» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ድረስ ዕዳም በደልም ማለት ነው። ወንድሙ «ዊል» ደግሞ መነሻው ፈቃድና ምኞት ነው። እንግዲህ እንግሊዞች ገና ስላልመጣው ቀን የሚናገሩት ከዕዳና ከፈቃድ በተገኙ ሁለት ቃላት ነው ማለት ነው። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። «ዕዳ አለበት» እንላለን፤ «መምጣት አለበት» ም እንላለን። በሁለቱም ዘንድ በሰውየው ላይ የተጫነ አንድ ሸክም አለ፤ ልዩነቱ ሸክሙ አንድ ጊዜ ገንዘብ፣ አንድ ጊዜ ሥራ መሆኑ ብቻ ነው።

ስለ ሁለቱ ረዳት ግሶች አገባብ ደንብ የጻፈው ጆን ዋሊስ የተባለው በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ መምህር የነበረ ሰው ነው። የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1653 ያሳተመው በላቲን ቋንቋ ነበር፤ ወሰን የሌለውን ቍጥር የምናመለክትበትንም ምልክት ለሒሳብ ያበረከተው ይኸው ሰው ነው። በእርሱ ደንብ መሠረት ተናጋሪው ስለ ራሱ ሲናገር «ሻል» ቢል የሚሆነውን ብቻ መተንበዩ ነው፤ «ዊል» ቢል ግን ቃል መግባቱ ወይም መዛቱ ነው። ስለ ሌላ ሰው ሲናገር ነገሩ ይገለበጣል፤ «ዊል» ትንቢት፣ «ሻል» ትእዛዝና ተስፋ ይሆናል። የእንግሊዝኛ መምህራን ይህን ለማስረዳት ሲሉ ከውሃ ስለ ወደቀ አንድ የውጭ አገር ሰው ያወራሉ። ሰውየው «መስጠሜ ነው፤ የሚያድነኝም የለ» ለማለት ሲፈልግ ሁለቱን ግሶች አለዋውጦ ቢጮኽ፣ «መስጠም እፈልጋለሁ፤ ማንም እንዳያድነኝ!» ብሎ ተሰማ፤ በዳር የቆሙትም ጨዋ ሰዎች ስለ ነበሩ ፈቃዱን አከበሩለት ይባላል። ተረት ነው፤ ነገር ግን ደንቡን ከማናቸውም ሠንጠረዥ ይልቅ በልብ ያሳድራል።

ሕዝቡ ግን በዋሊስ ደንብ ታስሮ አልኖረም። ጄኔራል ማክአርተር እ.ኤ.አ. በ1942 ከፊሊፒን ደሴቶች ወጥቶ አውስትራልያ በደረሰ ጊዜ «አይ ሻል ሪተርን» አለ። በደንቡ ቢመዘን ይህ ቀዝቃዛ ትንቢት ነው፤ የሰሙት ሁሉ ግን እንደ መሐላ ተቀበሉት፤ በ1944ም ዓ.ም. በጥቅምት ወር በሌይቴ ደሴት ወረደ። ዛሬ በተለይ በአሜሪካ በተራ ንግግር «ሻል» እምብዛም አይሰማም። የቀረለት ትልቁ ስፍራ ጥያቄ ነው። «ሻል አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» ቢል፣ አማርኛው «መስኮቱን ልክፈተው?» ነው። «ሻል ዊ ጎ?» ቢል ደግሞ «እንሂድ?» ነው። ተማሪዎቻችን እነዚህን «እከፍታለሁ ወይ?»፣ «እንሄዳለን ወይ?» ብለው ሲተረጕሙ ደጋግመን አይተናል። ነገር ግን ጠያቂው ስለ መጪው ጊዜ ሊያውቅ አልፈለገም፤ የአድማጩን ፈቃድ ነው የለመነው። ለዚህ ጕዳይ አማርኛችን የራሱ የሆነ አጭርና ትሑት አነጋገር ስላለው፣ ረዳት ግስ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ጭንቁ ያለው በውልና በሕግ ላይ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት በአስተርጓሚነት ስናገለግል፣ እኛ ከመግባታችን አስቀድሞ የተፈረመ የውሃ መሳቢያ ሞተር ግዥ ውል ለምርመራ ቀረበልን። አማርኛው ሻጩ መለዋወጫ ዕቃ ለ2 ዓመት «ያቀርባል» ይላል። እንግሊዝኛው ግን በ«ሻል» ፈንታ «ሹድ» ይላል። «ሹድ» ከዚያው ከ«ሻል» የተወለደ፣ በጥንት የኃላፊ ጊዜው የነበረ ቃል ነው፤ ዳሩ ግን አባት የሚያዝዘውን ልጁ ይመክራል፤ «ቢያደርግ ይገባው ነበር» ከማለት አያልፍም። ሞተሩ ዓመት ሳይሞላው ተበላሸ። ሻጩም እጅግ ትሕትና በተሞላ ደብዳቤ፣ ምክሩን በአክብሮት እንደ ተቀበለና ለጊዜው ግን መለዋወጫ እንደሌለው አስታወቀ። ክርክር በተነሣ ጊዜ እንግሊዝኛው እንዲጸና ውሉ ይናገር ስለ ነበር፣ የአማርኛው «ያቀርባል» ረዳት አላገኘም። ዕቃው በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ እስኪገዛ ድረስ የመንደሩ ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ወንዝ ተመለሱ።

በታላላቆች ጉባኤም እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2015 በፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት ሊጸድቅ ሲል፣ በአንቀጽ 4 ንኡስ ቍጥር 4 ላይ የበለጸጉት አገሮች የጭስ መጠናቸውን ስለ መቀነስ በ«ሻል» ተጽፎ ተገኘ። አሜሪካኖች ይህ ግዴታ ነውና ወደ ሴኔታችን ሳንወስደው ልንቀበለው አንችልም አሉ። ጉባኤው ከተቀጠረለት ሰዓት ዘገየ፤ በመጨረሻም ቃሉ የጽሕፈት ስሕተት ነው ተብሎ በ«ሹድ» ከተለወጠ በኋላ ስምምነቱ ጸደቀ። አንድ ግስ ተቀየረ፤ ዕዳውም ምክር ሆነ። እኛ ኢትዮጵያውያን በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌ ውል አንቀጽ 17ን እናስታውሳለንና፣ «ይቻላቸዋል» የሚለው አማርኛ በኢጣልያንኛው ምን ሆኖ እንደ ተነበበ፣ ስለዚህ ጕዳይ ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም።

የአማርኛ ሕጎቻችን የእንግሊዝኛውን «ሻል» ብዙውን ጊዜ በትንቢት አንቀጽ ይናገሩታል፤ «ይቀጣል»፣ «ይከፍላል»፣ «ይሆናል» ይላሉ። አነጋገሩ ግርማ አለው፤ እኛም እንወደዋለን። ነገር ግን ያው አንቀጽ «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች» ስንል ልማድን፣ «ነገ ይመጣል» ስንል ተስፋን ይናገራል። «ይሆናል» ማ ጭራሽ ጥርጣሬ ነው፤ «ይመጣ ይሆናል» የሚል ሰው በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ዳኛ ሕጉን ሲያነብ አያጠራጥረውም፤ ሕግ መሆኑን ያውቃልና። በቤት ኪራይ ወይም በሥራ ውል ላይ ግን የሚያነበው ተከራዩና ሠራተኛው ስለሆነ፣ «የመክፈል ግዴታ አለበት» ቢባል ይሻላል እንላለን። ርዝመቱን የሚነቅፉ ባልደረቦች አሉን፤ ጆሮአቸው ትክክል ነው፤ የውሃ መሳቢያውን መዝገብ ግን አላዩም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ራሳቸው በዚህ ቃል ተሰላችተዋል። የደቡብ አፍሪካ ሰዎች በ1993 በጻፉት ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት በ«ሻል» ሲጠቀሙ፣ በ1996ቱ ግን ግዴታን በግልጥ በሚናገረው «መስት» ተክተውታል። የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶችም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንባቸውን በ2007 ባደሱ ጊዜ ቃሉን አስወጥተውታል፤ በአንዱ ስፍራ ግዴታ፣ በሌላው ፈቃድ፣ በሌላው ትንቢት እየሆነ አስቸግሯልና። በእኛ አገር ግን ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በታተመው የነጋሪት ጋዜጣ ዓምዶች ውስጥ ዘመኑን ሁሉ ኖሯል። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው የ1987 ዓ.ም. አዋጅ ሁለቱ ቋንቋዎች በተለያዩ ጊዜ አማርኛው እንዲጸና ይደነግጋል፤ ይህንኑም በእንግሊዝኛው ዓምድ ያሰፈረው «ሻል ፕሪቬይል» ብሎ ነው።