ውሻው ጠግቦ አይደለም!

አሶሳ የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ውሻቸውን «በስተርጅና ጠገበ» ይሉት ነበር። ሆዱ ተንጠልጥሏል፤ የቀረበለትን ሁሉ ይጠርጋል፤ የዶሮዎቹን ውሃ ሳይቀር ይጨርሳል። ጎረቤትም «ታድሎ!» ብሎ ያልፋል። አንድ ነገር እንዳለ የጠረጠረችው ግቢ የምትጠርገው የልጅ ልጃቸው ናት። «አባባ፣ ጸጉሩ በግራም በቀኝም እኩል ረግፏል። ግን ሲያክ አይቼው አላውቅም» አለች።

ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እከክ ወይም ቁንጫ ያለበት ውሻ ሲያክ ይውላል። ሆርሞኑ የተዛባበት ውሻ ግን ጸጉሩ በሁለቱም ጎን ይሳሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም አያሳክከውም።

ከእነዚህ በሽታዎች አንዱ ኩሺንግ ይባላል። ስያሜው በ1932 እ.ኤ.አ. በሽታውን በሰዎች ላይ ከገለጸው አሜሪካዊ ሐኪም ከሃርቪ ኩሺንግ የመጣ ነው። ከኩላሊት አጠገብ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩት ኮርቲሶል ከመጠን ሲያልፍ ውሻው ብዙ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል፣ አይጠግብም፣ ጥላ ሥር ተኝቶም ያለከልካል። ቆዳው ይሳሳል፤ ሆዱ ይወርዳል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም ደግሞ ውሻው ምግብ ሳይጨምር ይወፍራል፣ ይፈዛል፣ ሙቀት ይፈልጋል። እየበላ የሚከሳና እየጠጣ የማይረካ ከሆነ ስኳር ይጠረጠራል፤ ዓይኑም ሊደፈርስ ይችላል። አሶሳ ላይ ግን መክሳትና የዓይን መደፍረስ በቆላ ዝንብ ከሚተላለፈው ገንዲም ሊመጣ ስለሚችል ያለ ደም ምርመራ መወሰን አይቻልም።

መምህሩ ውሻውን ይዘው ሲሄዱ የእንስሳት ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃቸው ስለ ምግብ አልነበረም። «ጋሼ፣ ከዚህ በፊት የእከክ መርፌ ተወግቶ ያውቃል?»

ያውቃል። ባሳከከው ቁጥር ሲወጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መርፌው ዴክሳሜታዞን ነበር።

እንደ ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች በሰውነት ውስጥ እንደ ኮርቲሶል ይሠራሉ። ማሳከክን ቶሎ ስለሚያስታግሱ የዳነ ይመስላል። ሲደጋገሙ ግን ራሳቸው ኩሺንግን ያመጣሉ። ይህን የሰማ ባለቤት ደንግጦ በአንድ ጊዜ ቢያቆም ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ለረጅም ጊዜ ሥራ የፈቱት ዕጢዎች ቶሎ አይነቁም፤ ውሻው ያስታውካል፣ ይዝላል፣ ሊሞትም ይችላል። መድኃኒቱ መቀነስ ያለበት በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ ነው።

በአገራችን የውሻ ጤና ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻ ደጅ ስለሚያድር ስንት ጊዜ እንደጠጣና እንደሸና የሚያይለት የለም። የሆርሞን ምርመራ በየከተማው ባይገኝም ውሃ መለካት ግን የትም ይቻላል። አንድ ውሻ በቀን በኪሎ ክብደቱ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣ ጤነኛ አይደለም ተብሎ ይጠረጠራል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ማለት ነው። ሙቀት ስለሚያሳስት ለጥቂት ቀናት መለካት ይሻላል። ውሃ መከልከል ግን ፈጽሞ አይገባም።

አሁን የልጅ ልጅየዋ አንድ ደብተር ይዛለች። በአንዱ ገጽ ውሻው የጠጣው ሃይላንድ ይቆጠራል። በሌላው ገጽ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠንና ቀን ይጻፋል። መምህሩም «ጠግቦ ነው» ማለት ትተዋል።