በጌዶ ዳገት ለሚያድር መንገደኛ፤ ስለ ዘይት ክሪክ አጠባበቅ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፤ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል አምቦ የደረሰ መንገደኛ የጉደርን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ዳገት ይቀበለዋል። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ስትሆን፤ ጌዶ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ደጋ ናት። ከእርስዋም አንዱ መንገድ ወደ ነቀምቴ ሲቀጥል ሌላው ወደ ፊንጫ ይለያል። ስለዚህ ሩቅ ሂያጅ ዐርፎ ሊያድርባት ይወዳል። ነገር ግን በዳገት አገር ደልዳላ መቆሚያ እንደ ልብ አይገኝም።

አልጋና ማድቤት ያለበት፤ በጎማ የሚሄድ ቤት በአገራችን ገና ብርቅ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ዘንበል ብሎ ከቆመ የተኛው ሰው ይንሸራተታል፤ ድስቱም ይፈሳል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከሥሩ በዘይት ኃይል የሚወርዱ የብረት እግሮች አበጁለት። ባለቤቱም ውሃ ልክ እያየ ቤቱን ያስተካክላል።

የዚህ ጥበብ መሠረት በ1662 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር የሞተው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ያስረዳው ሕግ ነው። ይኸውም በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲጫኑት ግፊቱ ወደ ሁሉም ወገን እኩል ይደርሳል ማለት ነው። ትንሹን ፒስተን በ10 ኪሎ ቢጫኑት፤ ስፋቱ 20 እጥፍ የሆነው ትልቁ ፒስተን 200 ኪሎ ያነሣል፤ ዳሩ ግን ትንሹ 20 ሣንቲሜትር ሲወርድ ትልቁ 1 ሣንቲሜትር ብቻ ይወጣል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በዚሁ ሕግ የሚሠራውን መጫኛ በ1795 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በስሙ አስመዘገበ። የሥራው ብልሃት ፈሳሹ እንዳያመልጥ ማድረግ ነበረ፤ የዛሬውም ክሪክ ሕይወቱ በጎሚኒው ላይ ነው።

ጎሚኒን የሚያበላሸው ጭቃና ዝገት ነው። ስለዚህ በክረምት እግሩ በለሰለሰ መሬት እንዳይሰምጥ ወፍራም ሳንቃ ይነጠፍለት። ወደ ላይ ከመሰብሰቡም በፊት የሚያብለጨልጨው ዘንግ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ አሸዋ ይዞ ከገባ ጎሚኒውን ይቆርጠዋልና። የዘይቱ ልክ የሚታየው እግሮቹ ሁሉ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው። የሚጨመረውም ሠሪው ያዘዘው ዘይት ብቻ ይሁን። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታልና ይለወጥ።

በደጋ ብርድ ዘይት ስለሚኮማተር እግሮቹ ሌሊቱን በጥቂቱ ዝቅ ቢሉ አያስደነግጥም። አንዱ እግር ብቻ ከሰመጠና ዘንጉ በዘይት ከረጠበ ግን ጎሚኒው አልቋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ሳይውል ሳያድር ለባለሙያ ይታይ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ሕይወት ነው። ብዙ ጊዜ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነውና፤ ያ ጎማ ከመሬት ከተነሣ ፍሬኑ ከንቱ ይሆናል፤ ቤቱም በቁልቁለቱ ይንደረደራል። ስለዚህ አስቀድሞ ታኮ ይደረግ፤ ቁልቁለቱም ከበረታ ሌላ ስፍራ ይፈለግ። ክሪክ ያነሣል እንጂ አይታመንም፤ አንዲት ጎሚኒ ብትቀደድ ብዙ ሺሕ ኪሎ ባንድ ጊዜ ይወርዳልና። ጠንካራ የብረት መቆሚያ ሳይደገፍ ማንም ከሥር አይግባ።

የቤተ ሰብ አለቃ የሆናችሁ አንባብያን ሆይ፤ ልጆች የቆመ መኪና ጥላ ይወዳሉና ከዚያ ከልክሏቸው። ስትነሡም እግሮቹ መሰብሰባቸውን ዞራችሁ እዩ፤ ለታኮ ያደረጋችሁትንም ድንጋይ ከመንገዱ አንሡ። የናንተን ጎማ ያቆመው ድንጋይ በጨለማ ለሚመጣው መንገደኛ መሰናክል ይሆንበታል።