ዘበኛውን አታሰናብቱት

የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ስለ ክኒን ምን አግብቶት ይጽፋል የሚለኝ አይጠፋም። እኔን ያገባኝ በመጀመሪያ ቃሉ ነው። «መድኃኒት» የሚለው ቃላችን «ድኅነት» ከሚለው የግእዝ ሥር የበቀለ ነው፤ መድኃኔዓለም የምንለውም ከዚያው ነው። ስለዚህ መድኃኒት ሲባል የምንጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ተውጦ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ እንዲሰናበተን። የወባ መድኃኒት እንዲህ ነው። ጥቂት ቀን ይወሰዳል፣ ትኩሳቱ ይለቃል፣ ነገሩ አለቀ።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን በዚህ ትርጉም አያድንም፤ ይጠብቃል እንጂ። አንጎል ውስጥ በድንገት የሚነሳውን የኤሌክትሪክ ሁከት አፍኖ ይይዛል፤ የሁከቱን ምንጭ ግን አይነቅልም። ስም አውጣ ብባል «ዘበኛ» እለው ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ሌባ አልመጣም ብሎ ዘበኛውን የሚያሰናብት ባለቤት አላየሁም። በክኒኑ ላይ ግን ይህንኑ ስናደርግ እንኖራለን። «ስድስት ወር አልጣለኝም፤ ድኛለሁ» ይባላል፤ ብልቃጡም ይጣላል። ሰው መድኃኒት የሚተወው አልሠራ ሲለው ብቻ ይመስለን ይሆናል። ብዙዎች ግን የሚተዉት ሲሠራላቸው ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ጎበዝ ተማሪ ነበረኝ። በፈተና ሰሞን፣ በትምህርት መሐል ጣለው። ገሚሱ ክፍል ወደ በሩ ሸሸ፤ ገሚሱ «ክብሪት! ክብሪት አሽቱት!» ይል ጀመር። (የክብሪት ጭስ ለዚህ በሽታ አንዳች አይረባም። ሰውየውን በጎኑ ማስተኛት፣ ራሱ እንዳይጋጭ ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።) በማግስቱ ቢሮዬ መጥቶ ሲያጫውተኝ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ፌኖባርቢታል ይወስድ ኖሯል። ግቢ ከገባ በኋላ ግን ብልቃጡን ካልሲ ውስጥ ደብቆ፣ የመኝታ ክፍሉ ልጆች ሲወጡለት ይውጣል፤ ካልወጡለት ያልፈዋል። ፈተና ሲደርስ ደግሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ስላለው ጭራሹን ተወው።

«መምህር፣ ሳምንት ሙሉ ትቼው ምንም አልሆንኩም እኮ፤ ለዚህ ነው የደፈርኩት» አለኝ።

ወጥመዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፌኖባርቢታል ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው፤ ግማሹ እንኳ እስኪወጣ ከ2 እስከ 5 ቀን ይወስዳል። የተሰናበተ ዘበኛ ለጥቂት ቀን በሰፈሩ ወዲያ ወዲህ እንደሚል ቁጠሩት፤ ቤቱ የሚራቆተው ቆይቶ ነው። በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ በሽታው ከቀድሞው ብሶ፣ አንዱ መንዘፍዘፍ ሌላውን እየተከተለ ሕይወት እስከማጥፋት ሊደርስ ይችላል። እንቅልፉን ለሐኪሙ ቢነግር ኖሮ መጠኑን ያስተካክልለት፣ ወይም ሌላ ዓይነት ይሰጠው ነበር።

ድሮ ችግራችን ሌላ ነበር። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ በሽታው እንዳለበት አገኙ። ከእነዚህ መካከል የታወቀ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የወሰደው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ተገቢውን ሕክምና ቢያገኙ ከ100 ታማሚዎች እስከ 70 የሚደርሱት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። ዛሬም ክኒኑ የማይደርስበት፣ የአውቶቡሱ ዋጋ ከመድኃኒቱ የሚበልጥበት ገጠር ሞልቷል። ክኒኑ በእጃቸው እያለ የሚወድቁት ናቸው ይበልጥ የሚያንገበግቡኝ።

የእህቴ ልጅ ከጎጃም መጥታ እኛ ዘንድ ከተቀመጠች አራት ዓመት ሆናት። ስትመጣ የእናቷ ማስጠንቀቂያ «ሰው ፊት እንዳትውጪ» የሚል ነበር። ትራስ ሥር ትደብቀዋለች፤ እንግዳ ያደረ ለት ይቀራል። ባለቤቴ አንድ ቀን ምንም ሳትናገር ብልቃጡን አምጥታ ምግብ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ሲጀምር ትውጣለች። አንድ ምሽት ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤት «ምንድን ነው እሱ ልጄ?» አሏት። «የሚጥል በሽታ መድኃኒቴ ነው፣ እማማ» አለቻቸው። ቤቱ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሁለተኛው ቡና ተቀዳ።

ጠበሉም ነበር። ጠበል የሚያስጠምቃት ሰው ክኒኑን ካልተውሽ አይሠራልሽም ብሏት ኖሯል። ነገሩን የፈቱት የነፍስ አባቷ ናቸው፤ መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ገልጠው ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ አንድ እግዚአብሔር መሆኑን አሳዩዋት። «ጠበሉን ተጠመቂ፣ ክኒኑንም ዋጪ» አሏት።

ከባዱ ፈተና የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። ሽማግሌ ተላከ። እናቷ ደውላ «እስከ ሠርጉ ድረስ ተይው፤ ካዩብሽ አለቀልሽ» አለቻት። እህቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ የሰፈሯን አፍ ታውቀዋለች። ልጅቱም «እማዬ፣ ሠርጌ ላይ ከምወድቅ ዛሬ ይወቁት» ብላ መለሰችላት። ተነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው አልመጡም። ያን ሰሞን ትራሷ በእንባ ይርስ እንደነበር እናውቃለን። ክኒኗን ግን አንድም ምሽት አላሳለፈችም። ይኸው ሳትወድቅ ሦስት ዓመቷን ይዛለች። ሁለት ዓመት ሳይጥል ካለፈ ማቆም ይቻል እንደሆነ ከሐኪም ጋር ይመከራል፤ እሷም እየተማከረች ነው። ከተባለም በወራት፣ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ እንጂ ብልቃጥ በመወርወር አይደለም።

ለቤተሰብ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ናት። ሰዓቱን ከማይረሳ ነገር ጋር ማሰር፤ ከእራት፣ ከዜና፣ ከጸሎት። የአንድ ቀን ቢረሳ፣ ለማካካስ ሁለት እጥፍ አለመውሰድ። መድኃኒቱ ተሟጦ ሳያልቅ ቀጠሮውን ማስታወስ። እንቅልፍ ማጣትና መጠጥ በሽታውን እንደሚቀሰቅሱ ማወቅ። ማርገዝ ያሰበችም አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር እንጂ በራሷ አታቋርጥ። ከሁሉ በፊት ግን ብልቃጡን ከትራስ ሥር ማውጣት ነው፤ የተደበቀ መድኃኒት የሚረሳ መድኃኒት ነውና።

እና እባካችሁ፣ ሕመምተኛውን ባገኛችሁት ቁጥር «ዳንክ ወይ?» አትበሉት። ጥያቄዋ ደግ ትመስላለች፤ ግን ክኒኑን ትቶ መዳኑን እንዲያሳያችሁ ትገፋፋዋለች። «ማታ ወሰድክ ወይ?» በሉት።